ለሙዚቃ የሚወጣው ገንዘብ፦ ማን ይሰጣል? ማን ይመርጣል?

ሙዚቃን የሚደግፍ ብሔራዊ ተቋም ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መድረክ ነው። በዓል ሲደርስ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ፣ በዓመት አንዴ ሽልማት የሚሰጥ፣ ባነር የሚሰቅል ቢሮ ይመስለዋል። ይህ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ያለው ማመልከቻ በሚገላበጥበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ምንጩ በሕግ የታወቀ ገንዘብ ለየትኛው ሙዚቀኛ፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት፣ ለየትኛው የቴፕ ክምችት እንደሚውል እዚያ ይወሰናል። ተቋሙ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም በዚያ ውሳኔ መሆን ነበረበት። ግን ያ ክፍል ከውጭ ስለማይታይ ስለ አሠራሩ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በቀላል አነጋገር ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ጋ የሙዚቃ ምክር ቤት፣ ሌላው ጋ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት፣ ሌላው ጋ ብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከል ይባላል። የጀርመን የሙዚቃ ምክር ቤት የተመሠረተው በ1953 ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ተበታትነው ይሠሩ የነበሩ በርካታ ድርጅቶችን አዋህዳ ብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከሏን ሥራ ያስጀመረችው በጃንዋሪ 2020 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የየአገሩን ምክር ቤቶች የሚያገናኝ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ምክር ቤትም አለ፤ በዩኔስኮ ጠያቂነት በ1949 ተቋቁሞ መቀመጫውን ፓሪስ አድርጓል። ኦክቶበር 1 የሚከበረው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ቀን የእሱ ሥራ ነው፤ በ1975 ሐሳቡን ያመነጨው በወቅቱ ፕሬዚዳንቱ የነበረው ቫዮሊን ተጫዋቹ ይሁዲ ሜኑሂን ነበር። ይኸው ምክር ቤት በ2001 አምስት የሙዚቃ መብቶችን አውጇል። ሦስቱ የማንኛውም ልጅና አዋቂ ናቸው፦ በሙዚቃ ስሜትን በነፃነት መግለጽ፣ ሙዚቃ መማር፣ ሙዚቃ ማግኘትና በእሱም መሳተፍ። ሁለቱ የባለሙያው ናቸው፦ ሙያውን የሚያሳድግበትና ለሕዝብ የሚያደርስበት አቅም ማግኘት፣ ለሥራውም ተገቢውን እውቅናና ክፍያ ማግኘት።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደናግራቸውን መለየት ይጠቅማል። የሮያሊቲ ሰብሳቢ ማኅበር ሌላ ነገር ነው። የእሱ ሥራ ዜማው ሬዲዮ ላይ ሲተላለፍ፣ ሆቴል ውስጥ ሲከፈት፣ መድረክ ላይ ሲዘፈን ለባለመብቱ የሚገባውን መሰብሰብና ማከፋፈል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ይህን የሚሠራው ሳሴም ከ1851 ጀምሮ አለ። ማኅበሩ የሚያከፋፍለው የሌላ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ የባለቤቶቹን የራሳቸውን ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መጠየቅ አያገባውም። የሙያ ማኅበር ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚሟገት ነው። ብሔራዊ ደጋፊ ተቋም ከሁለቱም ይለያል፤ የሕዝብ ገንዘብ ይዞ ለእገሌ ይሰጥ፣ ለእገሌ አይሰጥ ብሎ ይመርጣል። መላው ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ገበያው ለምን አይበቃም?

"ጥሩ ሙዚቃ ራሱን ይሸጣል፤ የማይሸጥ ከሆነ ለምን በሕዝብ ገንዘብ ይደገፋል?" የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከኢኮኖሚክስ ይጀምራል። በ1966 ዊልያም ባውሞል እና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች የመድረክ ጥበብን ወጪ አጥንተው አንድ ነገር አሳዩ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲሻሻል ያው ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል፤ ደመወዙም አብሮ ያድጋል። ለአራት ሰው የተጻፈ የቤትሆቨን ሥራ ግን ከ200 ዓመት በፊትም አራት ሰው ይፈልግ ነበር፣ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፤ የሚወስደው ደቂቃም ያው ነው። አጣዳፊ ቢሆን በግማሹ ጊዜ አይጨርሱትም፣ በሁለት ሰውም አይጫወቱትም። የተጫዋቾቹ የኑሮ ወጪ ግን ከሌላው ሠራተኛ እኩል ይወደዳል። ስለዚህ የቀጥታ ሙዚቃ ዋጋ ከሌሎች ዕቃዎች አንጻር እያደር ይንራል፤ ወይ ትኬቱ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ይሆናል፣ ወይ ሙዚቀኛው በችጋር ይሠራል፣ ወይ ከሌላ ቦታ ድጋፍ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ገበያ የሚከፍለው ለዛሬ አድማጭ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ክራር ወይም ቼሎ እንዲማር፣ ከ50 ዓመት በፊት የተቀዳ ቴፕ ሳይሻግት እንዲቆይ፣ አንድ የዜማ ደራሲ የጻፈው ኖታ ከሞተ በኋላ የሚገኝበት ቦታ እንዲኖረው ዛሬ የሚከፍል ደንበኛ የለም። እነዚህ ከሌሉ ግን የነገው ገበያ የሚሸጠው አይኖረውም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ቀላሉ መንገድ ከመንግሥት በጀት በየዓመቱ መመደብ ነው። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ በጀት በየዓመቱ ይደራደሩበታል፣ ችግር ሲመጣም መጀመሪያ የሚቆረጠው ባህል ነው። ብሪታንያ ከ1994 ጀምሮ ከብሔራዊ ሎተሪዋ ገቢ የተወሰነውን ለኪነ ጥበብ ትሰጣለች። አንዳንድ አገሮች ግን ከሙዚቃው ገበያ ራሱ ወስደው ወደ ሙዚቃው የሚመልሱበት ዘዴ ፈጥረዋል፤ ይበልጥ ብልሃት ያለበት እዚህ ነው።

ፈረንሳይን እንውሰድ። በሙዚቃ ዝግጅት ትኬት ላይ 3.5 በመቶ ይቆረጣል። ትኬቱ 40 ዩሮ ቢሆን 1.40 ዩሮው ለብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከሉ ይገባል ማለት ነው። አዘጋጁ ታዲያ "ይህ ግብር ነው፣ ጠፋብኝ" አይልም፤ ከከፈለው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በስሙ በተከፈተ ሂሳብ ይመዘገብለታል፣ አዲስ ዝግጅት ሲያሰናዳ ማውጣት ይችላል። ኪሱ ገብቶ የሚቀር ሳይሆን ወደ ቀጣዩ መድረክ መመለስ ያለበት ገንዘብ ነው። የቀረው ወደ ጋራ ቋት ይገባና ገና ስም ላላወጡት፣ ለትናንሽ አዳራሾች፣ ኪሳራ ሊገጥማቸው ለሚችሉ ሥራዎች በምርጫ ይሰጣል። በዚህ መንገድ አዳራሽ የሚሞላ ዘፋኝ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ 60 ሰው ፊት የሚጫወተውን ጀማሪ ይደግፋል።

የዚህ ዘዴ ድክመት ማዕከሉ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ታየ። ማርች 2020 ላይ በወረርሽኙ ምክንያት አዳራሾች ተዘጉ፤ ትኬት ከሌለ ግብር የለም፣ ግብር ከሌለ ድጋፍ የለም። ድጋፍ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ምንጩ ደረቀ፤ ጉድለቱን የሞላው የመንግሥት ካዝና ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ምንጭ ብቻ መያዝ አደጋ መሆኑን ለማስረዳት ማንም አልተቸገረም። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት ሙዚቃ በሚያሰሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ፣ ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በሚያልፈው የፈረንሳይ ገቢያቸው፣ 1.2 በመቶ ተጣለ። ኩባንያዎቹ አልወደዱትም። ስፖቲፋይ ለሁለት ታዋቂ የፈረንሳይ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፣ ቀጥሎም የደንበኝነት ዋጋ እንደሚጨምር ተናገረ። እንዲህ ያለው ግብር በመጨረሻ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ ከኩባንያው ነው ወይስ ከአድማጩ፣ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው።

ጀርመን በ1965ቱ የቅጂ መብት ሕጓ በመቅጃ መሣሪያዎች ላይ ትንሽ ክፍያ በመጣል ቀዳሚ ነበረች። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከሬዲዮ የሚቀዳውን ማንም ሊቆጣጠር ስለማይችል፣ መሣሪያው ሲሸጥ በአንዴ ይከፈል የሚል ሐሳብ ነው። በ1985 ፈረንሳይ ይህንኑ ተቀብላ አንድ ነገር ጨመረችበት፦ ከተሰበሰበው ሩቡ ለባለመብቶች ሳይከፋፈል ለአዲስ ሥራ፣ ለቀጥታ ዝግጅትና ለሥልጠና እንዲውል በሕግ ደነገገች። ለሰው የሚገባውን ከፍሎ ከላዩ ለሙያው ዕድገት የሚሆን ማስቀረት ነው፤ ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ አርቆ አሳቢነቱ የሚማርከኝ ይህ ነው።

ካናዳ ደግሞ ከሬዲዮ ጀመረች። በ1971 የካናዳ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳ እንዲሆን ታዘዘ፤ በ1999 ለንግድ ጣቢያዎች ወደ 35 በመቶ ከፍ ብሏል። የካናዳ ዘፈን ማለት ምን ማለት ነው? በአራት ነጥብ ይለካል፦ ዜማው በካናዳዊ ከተደረሰ አንድ፣ ዘፋኙ ካናዳዊ ከሆነ አንድ፣ ቀረጻው ካናዳ ውስጥ ከሆነ አንድ፣ ግጥሙ የካናዳዊ ከሆነ አንድ። ከአራቱ ሁለቱን ያሟላ ያልፋል። መስፈርቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ግን በ1991 ካናዳዊው ዘፋኝ ብራያን አዳምስ ካናዳዊ ካልሆነ ሰው ጋር በጋራ ደርሶ፣ ቀረጻውንም በከፊል ውጭ አገር አድርጎ ያወጣቸው ዘፈኖች እንደ ካናዳ ሥራ አልተቆጠሩም። የዜማውም የግጥሙም ነጥብ ሙሉ በሙሉ የካናዳዊ ካልሆነ አይሰጥም ነበር። አዳምስ በአደባባይ ተቆጣ፤ በ1993 ደንቡ ለጋራ ድርሰት ቦታ እንዲሰጥ ተሻሻለ። ጣቢያዎቹ በጊዜው ሌላም ነገር ገባቸው፤ 30 በመቶ የሚሞላ ጥሩ ዘፈን ካልተቀዳ አድማጭ ይሸሻቸዋል። ስለዚህ በ1982 ራሳቸው ብሮድካስተሮቹ ከሙዚቃ ማኅበራት ጋር ሆነው ፋክተር የተባለውን የቀረጻ ደጋፊ ድርጅት አቋቋሙ፤ በኋላ የፌዴራል መንግሥቱም በዚያ በኩል ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረ።

የመጀመሪያው ርቀት፦ ገንዘብ ሰጪው ከመራጩ

እንግዲህ ገንዘቡ ተገኘ እንበል። ማን ይምረጥ? ሚኒስትሩ ራሱ ቢመርጥ ምን ነውር አለው? የሕዝብ ተወካይ አይደለም እንዴ?

ብሪታንያ ለዚህ የሰጠችው መልስ ለብዙ አገሮች መነሻ ሆኗል። በ1940፣ ጦርነቱ መሃል፣ ለሙዚቃና ለኪነ ጥበብ ማበረታቻ የሚሆን ምክር ቤት ከአንድ የግል የበጎ አድራጎት ድርጅት በተገኘ 25,000 ፓውንድ ተጀመረ። ሙዚቃ አስተማሪዎች ገጠር ለገጠር እየዞሩ የሠፈር መዘምራንና አማተር ኦርኬስትራዎችን ያደራጁ ነበር። በ1942 ሊቀ መንበርነቱን ታዋቂው ኢኮኖሚስት ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ያዘ፤ በ1946 ምክር ቤቱ በንጉሣዊ ቻርተር ቋሚ ሆነ። የተያዘው መርህ ይህ ነው፦ መንግሥት አጠቃላይ ገንዘቡን ይሰጣል፣ በኋላም ሂሳቡን ይመረምራል፤ ለየትኛው ኦርኬስትራ፣ ለየትኛው ደራሲ የሚለውን ግን ምክር ቤቱ ራሱ ይወስናል። ሚኒስትሩ "ይህ ዘፈን ለምን ተደገፈ?" ተብሎ ፓርላማ ውስጥ ሲጠየቅ "እኔ አልመረጥኩም" ማለት ይችላል። ይህ ለሙዚቀኛው ብቻ ሳይሆን ለሚኒስትሩም መከላከያ ነው።

ርቀቱ በማይኖርበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለማየት ጊኒን ያህል የሚያስተምር ታሪክ የለም። እኔ ጊኒን በወቀሳ ብቻ የሚያነሱትን አልስማማቸውም፤ ታሪኩ ሁለት ፊት አለው። በ1958 ነፃነቷን ያገኘችው ጊኒ በሴኩ ቱሬ መሪነት የውጭ ዘፈን ይጫወቱ የነበሩትን የግል ባንዶች በትና በ1959 ብሔራዊ ኦርኬስትራ አቋቋመች። ቀጥሎ በየክልሉ የመንግሥት ባንድ ተመሠረተ። ሙዚቀኞች ደመወዝተኛ ሆኑ፣ ጊታርና ሳክስፎን በመንግሥት ተገዛላቸው፣ የየአካባቢያቸውን ዜማ ወደ ዘመናዊ ባንድ እንዲያመጡ ተነገራቸው። በውድድር የላቀው ባንድ "ብሔራዊ" የሚል ማዕረግ ያገኝ ነበር። ከቤይላ ከተማ በ1961 የተነሣው ቤምቤያ ጃዝ በ1966 ይህን ማዕረግ አግኝቶ በመላው ምዕራብ አፍሪካ ዝናው ናኘ። ሲሊፎን የተባለው የመንግሥት አሳታሚ ሸክላቸውን አወጣ። ትንሽና ድሃ አገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአህጉሩን ሙዚቃ አቅጣጫ አስቀየረች።

ሌላው ፊትስ? ከፋዩ አንድ ስለነበር አሠሪውም አንድ ነበር። ዘፈኑ ፓርቲውንና መሪውን ማወደስ ነበረበት፤ ከዚያ መስመር ውጭ የሚዘፍን መድረክም ስቱዲዮም አልነበረውም። በ1984 ሴኩ ቱሬ ሲሞት አገዛዙ ወደቀ፤ ድጋፉም አብሮት ሄደ። ባንዶቹ ከመንግሥት ውጭ የሚቆሙበት እግር አልተሠራላቸውም ነበር። ርቀት ማጣት ማለት ሳንሱር ብቻ አይደለም፤ አገዛዝ ሲለወጥ አብሮ መፍረስም ነው። ይህ ሁለተኛው ጉዳት ሲነገር አይሰማም።

ቬኔዙዌላም ተመሳሳይ ትምህርት አላት። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በ1975 የጀመረው፣ ኤል ሲስቴማ ተብሎ የሚታወቀው የወጣት ኦርኬስትራዎች መረብ፣ ድሃ ልጆችን በብዙ መቶ ሺህ እየሰበሰበ መሣሪያና አስተማሪ ሰጥቷል። ስኬቱ የመጣው በየተራ ሥልጣን ላይ ከወጡ እርስ በርስ የማይስማሙ መንግሥታት ሁሉ ድጋፍ በማግኘቱ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ገባ። በሜይ 2017 አንድ የመረቡ ቪዮላ ተጫዋች ወጣት ተቃውሞ ላይ ተገደለ። ከመረቡ የወጣው ዝነኛው የኦርኬስትራ መሪ ጉስታቮ ዱዳሜል መንግሥትን በይፋ ተቸ። ብዙም ሳይቆይ በኦገስት ብሔራዊው የወጣቶች ኦርኬስትራ በእሱ መሪነት አሜሪካ ውስጥ ሊያደርግ የነበረው ጉዞ ተሰረዘ። በይፋ የተቸው ዱዳሜል ነበር፤ ለጉዞው የተዘጋጁት ልጆቹ ናቸው። በጀቱም ፈቃዱም በአንድ እጅ ስለነበር ግን ቅጣቱ የደረሰው እነሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ርቀት፦ መራጩ ከተመራጩ

ፖለቲከኛውን አራቅን፤ አሁን የሚመርጠው ባለሙያ ነው። ባለሙያ ማለት ግን የሙያው ሰው ማለት ነው፤ የሙያው ሰው ደግሞ ጓደኛ አለው፣ ተማሪ አለው፣ የተጣላው ሰው አለው፣ እሱ ራሱም ነገ አመልካች ነው። ኬይንስ ራሱ ምክር ቤቱን እየመራ፣ የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤትን የሚያስተዳድረውን አካልም በሊቀ መንበርነት ይመራ ነበር፤ ኦፔራ ቤቱ ደግሞ ከምክር ቤቱ ትልቅ ድጎማ የሚያገኝ ነበር። የገጠር መዘምራኑን የሚያደራጁት አስተማሪዎች በእሱ ዘመን ወደ ጎን የተገፉት፣ ገንዘቡም ወደ ለንደንና ወደ ታላላቆቹ መድረኮች ያዘነበለው በዚህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ እሱ በጥራት ያምን ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ቅንነቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ውሳኔውን የሚያምን ሰው ይቀንሳል።

ዛሬ በደንብ የሚሠሩ ተቋማት ምርጫውን እንዴት እንደሚያካሂዱ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ባንድ ውጭ አገር ፌስቲቫል ላይ እንዲጫወት ተጋበዘ እንበል። ቅጽ ይሞላል፤ ሁለት ሦስት ዘፈን፣ የፌስቲቫሉን የግብዣ ደብዳቤና የወጪ ዝርዝር ያያይዛል፦ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ የመሣሪያ ጭነት፣ ማደሪያ። ማመልከቻው መጀመሪያ ለተቋሙ ሠራተኛ ይደርሳል፤ እሱ የሚያየው የተሟላ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ከተለያየ የሙዚቃ ዘርፍ ለተውጣጡ ጥቂት ገምጋሚዎች ይላካል። እያንዳንዱ ሳይማከር ለብቻው አዳምጦ ነጥብ ይሰጣል፤ ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፣ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የተናገረ ታዋቂ ሰው የሌላውን ጆሮ ይወስዳልና። ሲሰበሰቡ ከአመልካቹ ጋር የሠራ ወይም የሚዛመድ ገምጋሚ ተነሥቶ ከክፍሉ ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ከጸደቀ ተቋሙ ብዙ ጊዜ ሙሉውን አይሸፍንም፤ የተወሰነውን ይሰጣል፣ ቀሪውን ባንዱ ከራሱ ወይም ከፌስቲቫሉ ያሟላል። ከተመለሱ በኋላ ደረሰኝና ሪፖርት ያስገባሉ። ውድቅ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገራቸዋል። የተቀበሉት ሰዎች ስምና የገንዘቡ መጠን ለሕዝብ ይፋ ይወጣል።

ይህ ሁሉ አሰልቺ ቢሮክራሲ ይመስላል። እኔ ግን የተቋሙ ልብ ይህ ነው እላለሁ። ገምጋሚዎቹ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ካልተቀየሩ ያው ዘውግ፣ ያው ከተማ፣ ያው ትውልድ ይመረጣል፤ ኖታ የማያነብ፣ በቃሉ የተማረ የባህል ሙዚቀኛ ቅጹን ገና ሲያየው ይመለሳል። ቅጹን በድምፅ መሙላት የሚቻልበት፣ ከዋና ከተማ ውጭ ያለ ሰው ረዳት የሚያገኝበት መንገድ ካልተሠራ፣ ሕጉ ሁሉንም እኩል አድርጎ ሳለ አሠራሩ ግን ግማሹን ሙዚቀኛ በር ላይ ያስቀረዋል።

ጭብጨባ የሌለበት ሥራ

ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ ለኦርኬስትራዎቿ ወጣት ተጫዋች አይበቃም የሚል ስጋት ገብቷት ነበር። በ1963 የወጣቶች የሙዚቃ ውድድር ተጀመረ፤ በአካባቢ፣ በክፍለ አገር፣ በመጨረሻ በፌዴራል ደረጃ የሚደረግ፣ እስከዛሬም በሙዚቃ ምክር ቤቱ የሚመራ። የሚሰጠው ነጥብ እስከ 25 ነው። ውድድር ሲባል አሸናፊና ተሸናፊ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ለየት ይላል፦ አንደኛ የሚወጣው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፣ ነጥቡን ያገኘ ሁሉ ሽልማቱን ይጋራል፤ ዳኞቹም ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ምን ቢያሻሽሉ እንደሚሻል ያማክሯቸዋል። ከዚህ የወጡ ልጆች የሚሰባሰቡበት የፌዴራል የወጣቶች ኦርኬስትራ ደግሞ በ1969 ተቋቋመ። ዘንድሮ የተከፈለበት አንድ የአካባቢ ውድድር ፍሬው የሚታየው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም የበጀት መዝገቡን ገልጦ አያመሰግንም።

ስዊድንን ሰው የሚያነሣት በፖፕ ዘፈን ኤክስፖርቷ ነው። ለዚህም በ1993 የባለመብት ማኅበራትና የቀረጻ ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙት የኤክስፖርት ቢሮ ነበራት። ነገር ግን ከቢሮው አሥርት ዓመታት በፊት የየከተማው አስተዳደር የከፈታቸው የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የዓለምን የሽያጭ ሠንጠረዥ የሞሉ ዘፈኖች የደረሰው ማክስ ማርቲን በልጅነቱ ቀንድ መሰል የናስ ትንፋሽ መሣሪያ የተማረው በእንዲህ ያለው የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው፤ ለደረሰበት ነገርም ምስጋናውን ለዚያ ትምህርት ሰጥቷል። የኤክስፖርት ቢሮ ከፍቶ ትምህርት ቤቱን የዘነጋ አገር የሚልከው ነገር ያጣል።

ሌላው ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ማስቀመጥ ነው። በ1959 የተመሠረተው የካናዳ የሙዚቃ ማዕከል የካናዳ ዜማ ደራሲያንን ያልታተመ ኖታ ይሰበስባል፣ ያባዛል፣ ለሚጫወት ያውሳል። ይህ ባይኖር አንድ ኦርኬስትራ ከ40 ዓመት በፊት አንዴ ብቻ የተሰማ ሥራ ልጫወት ቢል ወረቀቱን ፍለጋ የሟቹን ቤተሰብ ማስቸገር ነበረበት። ጊኒ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሹን እናገኛለን። በ1985 በተደረገ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የኮናክሪው ሬዲዮ ጣቢያ ተመታ፤ ከቴፖቹ የተወሰኑት ወደሙ። የተረፉት ለዓመታት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ ከርመው፣ ከ2008 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በብሪቲሽ ላይብረሪ ድጋፍ ከ9,000 በላይ ዘፈኖች ወደ ዲጂታል ተገለበጡ። መንግሥት ሙዚቃውን ለመፍጠር ያን ያህል ወጪ አውጥቶ ለማስቀመጥ ግን አላሰበበትም ነበር። ቴፕ አርጅቶ ሽፋኑ መላላጥ ከጀመረ በኋላ የሚሰጥ ገንዘብ ደግሞ የጠፋውን አይመልስም።

ተቋሙ ራሱስ ቢወድቅ?

ሙዚቃን የሚደግፍ ተቋምም ይከስራል። የጀርመን የሙዚቃ ምክር ቤት በ2002 ኪሳራ አውጆ ነበር። ወደ መቶ የሚጠጉ ድርጅቶችን ያቀፈ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሙዚቃ የሚሠራ ሰው የሚወክል ጃንጥላ ማኅበር በሂሳብ አያያዙ ምክንያት አፋፍ ላይ ደረሰ። የዳነው ተከፍሎ ነው፦ ማኅበሩ የሙዚቀኞች ድምፅ ሆኖ ስለ ሙዚቃ ፖሊሲ መሟገቱን ቀጠለ፤ ውድድሮቹን፣ የወጣት ኦርኬስትራውንና ሌሎቹን ፕሮጀክቶች የሚያካሂድ ለትርፍ ያልቆመ የተለየ ኩባንያ ተቋቋመ። መንግሥትን የሚሞግተውና የመንግሥትን ገንዘብ የሚያወጣው እጅ ሲለያይ ሁለቱም ሥራቸውን በነፃነት ይሠራሉ። ፊንላንድ ደግሞ በተቃራኒው በ2012 የሙዚቃ መረጃ ማዕከሏንና የኤክስፖርት ቢሮዋን አዋህዳ አንድ አደረገች፤ የሁለቱ ሥራ ስለሚመጋገብ ተመችቷል። ማዋሃድም መክፈልም በራሱ መልካም ወይም መጥፎ አይደለም፤ ጥያቄው አንዱ ሥራ ሌላውን ይጋፋዋል ወይስ አይጋፋውም ነው።

ስለዚህ አንድ አገር እንዲህ ያለ ተቋም ላቋቁም ብትል፣ ወይም ያላትን ላሻሽል ብትል፣ ከአርማውና ከምረቃ ኮንሰርቱ በፊት ሕጉ ውስጥ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ገቢው ቢያንስ ከሁለት ምንጭ ይሁን፤ አንዱ ከዓመታዊ በጀት ድርድር ውጭ ቢሆን ይመረጣል። የቦርዱ አባላት የሥራ ዘመን የተወሰነና እርስ በርሱ የተፈራረቀ ይሁን፤ አንድ መንግሥት ሲመጣ ሁሉንም በአንዴ መተካት እንዳይችል። ገምጋሚ ሆኖ የሚሠራ ሰው በዚያው ዙር ማመልከት አይቻለው። ከየዓመቱ ገቢ ለትምህርትና ለክምችት የሚሆነው ድርሻ በመቶኛ ተለይቶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሁልጊዜ በኮንሰርት ይበላል። የእያንዳንዱ ድጋፍ ተቀባይ ስም፣ የሥራው ዓይነትና የተሰጠው መጠን ደግሞ በጀት ዓመቱ እንደተዘጋ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ይታተም።